ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ

ልጁን የግል ትምህርት ቤት ሊያስገባ ያሰበ ሰው አምቦ ውስጥ ምክር ከሚጠይቃቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ለምን እኔን እንደሆነ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ጀምሬ የተውኩ፣ የቀረውን ከጫኝና አውራጅ፣ ከደላላና ከሹፌር የተማርኩ የእህል ነጋዴ ነኝ። ምናልባት ልጄ ደህና ቦታ ስለደረሰች ይሆናል፤ ሰው ልጅቷን ያይና አባትየው የሚያውቀው ነገር አለ ብሎ ያስባል። እኔም ለጠያቂው ወንበር ሰጥቼ «ወንጪ የወጣሁበትን ቀን ላጫውትህ» እለዋለሁ። ስለ ትምህርት ቤት ጠይቆ ስለ ሐይቅ ሲመለስለት አብዛኛው ሰዓቱን ያያል። እናንተ ግን ማንበብ ከጀመራችሁ አይቀር አትቸኩሉ።

ነገሩ ከሆነ አስር ዓመት አለፈው። ሲፈን ሁለተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ የሸነን ከተማ ልጅ ነበረች፤ ሲፈን ገና ድክ ድክ ስትል በሕመም ተለየችን። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ዘመድ «አግባ እንጂ» ሲለኝ «ይሄ እህል ይሸጥና» እያልኩ ዓመታት ነጎዱ። እህሉ ይሸጣል፤ ሌላ እህል ይገባል።

ሁለት ብቻ ብንሆንም ቤታችን ጸጥ ያለ አልነበረም። ሲፈን ወሬኛ ነበረች። ኦሮምኛውን ከእናቷ እህቶች፣ አማርኛውን ከእኔና ከሰፈሩ ወስዳ ወሬውን በአንዱ ትጀምርና በሌላው ትጨርሰዋለች። ማታ እኔ ሽሮ ሳማስል እሷ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የቀኑን ዜና ታሰማኛለች፤ የማን ዶሮ እንደጠፋች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛዋ ጎረቤት ዱቄት ልትበደር እንደምትመጣ። ከእሷ ወሬ ተነስቼ የሰፈሩን የበቆሎ ፍላጎት መገመት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የግል ትምህርት ቤት አስገባኋት። እህል ስገዛ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ሳልከት አልገዛም። ከላይ ያለው ፍሬ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ነጋዴው ሁሉ የሚያሳይህ ከላይ ያለውን ነው። ትምህርት ቤቱን ግን ከላይ አይቼ ገዛሁት። ፎቅ አለው፤ ደንብ ልብሱ ክራቫት አለው፤ በሩ ላይ ትልቅ ብረት መዝጊያ አለው። ያ መዝጊያ ልጄን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ኩራት እንግሊዝኛው ነው። ከበሩ በውስጥ በኩል ሌላ ቋንቋ አይፈቀድም። አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ያመለጠው ልጅ የእረፍት ሰዓቱን ግድግዳ ሥር ቆሞ ያሳልፋል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሯ ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ እንድናወራቸው አሳሰቡን፤ አለዚያ እነሱ የገነቡትን እኛ ማታ ማታ እንደምናፈርሰው ነገሩን። ወላጁ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። የእኔ እንግሊዝኛ «ፉል ታንክ»፣ «ኖ ፕሮብሌም» እና «ሜድ ኢን ቻይና» ነው። በእነዚህ ልጅ ማሳደግ አይቻልም።

ሲፈን የመምህሯን ቃል የምታከብር ልጅ ናት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አፏን ዘጋች። እንዴት ዋልሽ ስላት «ፋይን፣ ዳዲ» ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ወሬ በእንግሊዝኛ ልታወራው እሷም ገና አልቻለችም። እኔ የማውቀው ቋንቋ ለእሷ አይፈቀድም። ትምህርቷን እንዳላበላሽባት ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ሽሮ ሲንተከተክ ድምፅ እንዳለው ያኔ ነው የሰማሁት። በኋላ ሬዲዮ ገዛሁ። ሬዲዮው ሲያወራ እመልስለታለሁ፤ «ተው እንጂ» እለዋለሁ፣ «አሁን ይሄ ዜና ነው?» እለዋለሁ። ሲፈን ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ቀና ብላ ታየኝና ተመልሳ ታቀረቅራለች። ብቻውን የሚኖር ሰው ብቸኝነቱን ያውቀዋል፤ ይለምደዋልም። ከልጅህ ጋር አንድ መብራት ሥር ተቀምጠህ ብቻህን መሆንን ግን ምን ብለህ ትለምደዋለህ?

እንግዲህ ያ ቀን ሐሙስ ነበር። በቆሎ ልጭን ማለዳ ባኮ ወረድኩ። ባኮ በምሄድበት ቀን ሲፈንን ከትምህርት ቤት የምታመጣልኝ ጎረቤታችን ነበረች። ያን ቀን ግን ለቅሶ ሄዳለች፤ እኔም በጊዜ ጭኜ እመለሳለሁ ብዬ ራሴ ላመጣት ነበር። ሹፌሬ ቶለራ ይባላል። ዕድሜውን በወለጋ መንገድ የጨረሰ፣ ሰውን አስቆ እሱ የማይስቅ ሰው ነው። ጌዶ ልንደርስ ስንል የአይሱዙው የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን አውርደን ስናየው ከፈነዳው የሚለየው አለመፈንዳቱ ብቻ ነው።

«ይሄ ጡረታ የወጣ ጎማ ነው» አለ ቶለራ። «ይሁን፤ እያባበልን እንሄዳለን።»

እያባበልን ስንሄድ ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት አለፈ። ለዳይሬክተሯ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ለጎረቤቴ ደወልኩ፤ አታነሳም። ለቅሶ ቤት ማን ስልክ ያነሳል። ጉደር ልንገባ ስንል የእኔ ስልክ ጠራ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሞተሩ ያጓራል። አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ አዳመጥኩ።

«አባ ሲፈን» አሉኝ። «ልጅቷ ወንጪ ናት።»

«ምን አሉኝ?»

«ወንጪ ናት። እኔ ምን ላድርግ፤ ትእዛዝ ነው…»

ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አይገባም፤ ያን ሰዓት ኔትወርኩ አምቦም ድረስ ጠፍቶ ነበር።

 በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ወንጪ ሐይቅ ሊያስጎበኝ እንዳሰበ ነግሮን ነበር። እኔ አይሆንም ብያለሁ። እዚያ ገደል አለ፣ ፈረስ አለ፣ ጀልባ አለ። ሲፈን ዋና አታውቅም። አይሆንም ያልኳት መምህሯን ነው፤ የነገርኳትም በአማርኛ ነው። በአማርኛ ስለሆነ ሳይቆጠርልኝ ቀርቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወስደዋታል፤ ዘበኛውም ትእዛዝ ነው እያሉኝ ነው።

አምቦ ስንገባ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ አየሁት። ዛሬም በዚያ ሳልፍ አንገቴ ወደዚያ ይዞራል። ያን ቀን ግን ባዶ ትምህርት ቤት ምን ያደርግልኛል ብዬ አለፍኩት። ፀሐይዋ እየወረደች ነው፤ ወንጪ ደግሞ ሩቅ ነው። ቶለራ ጭነቱን እናራግፍ ወይ አለኝ። ጊዜ የለም አልኩት። መንገዱ ያኔ ገና አልተሠራም፤ ድንጋይና ዳገት ነው። እሱ መንገዱን አሰበ፣ ጎማውን አሰበ፣ ፊቴን አየ።

«እንግዲህ በቆሎውም ወንጪን ይየው» አለና መሪውን ወደ ደቡብ ጠመዘዘ።

የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚሄድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከብት እየነዱ ወደ ቤታቸው የሚገቡ ሰዎች ከእኛ እኩል ይሄዳሉ። አንዱ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ከብቴን በወጉ ጠይቀው ሲጨርሱም ገና አላለፍናቸውም። ቤተሰብህ ደህና ነው ወይ ሲሉኝ ደህና ነው አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ከፍ እያልን ስንሄድ እንሰቱ በዛ፤ ብርዱ ገባ፤ ጭጋጉ እየወረደ መጣ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። ልጄ ቢበርዳት በርዶኛል ብላ ለማን ትናገራለች? ጀልባው ቢያጋድል «አባዬ» ብላ ትጮኻለች ወይስ እሱንም በእንግሊዝኛ እስክታስታውሰው ትጠብቃለች? ይህን ለቶለራ አልነገርኩትም። እሱም ማርሽ ይለዋውጣል።

ወንጪ አፋፉ ላይ ስንደርስ ቀኑ ሊጨልም ጥቂት ቀርቶታል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የለም። ፈረስ የሚያከራዩት ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ፈረሶቻቸውን ወደ ቤት እየሳቡ ነው። ዘልዬ ወረድኩና አንዱን በኦሮምኛ ጠየቅኩት፤ ከአምቦ የመጡ ሕፃናት የት ናቸው?

«ሂንዱፍኔ» አለኝ። አልመጡም። «ቅዳሜ ይመጣሉ ተብለናል። ጀልባውም ታስሯል። ዛሬ ከአምቦ የመጣ መኪና የምትል ከሆነ ያየሁት ያንተን በቆሎ ነው።»

አላመንኩትም። እስከ ጠርዙ ሄድኩ። ሐይቁ አይታይም፤ ጉድጓዱ በሙሉ በጭጋግ ተሞልቷል። «ሲፈን» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ ወርዶ ወርዶ እዚያው ጭጋጉ ውስጥ ቀረ። የሚመልስ የለም። ዝምታዋን ቤቴ ውስጥ ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር፤ የወንጪው ዝምታ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ዝም ስትል ቢያንስ እርሳሷ ሲንኳኳ እሰማለሁ።

ቶለራ ከኋላዬ መጥቶ ስልኬን ጠቆመኝ። ከፍታው ላይ ኔትወርክ ገብቷል። ደወልኩ። ኦቦ ዲንሳ ወዲያው አነሱ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ሲፈን የት ናት?»

«ነገርኩህ እኮ። ውጪ ናት።»

«ወንጪ እኔ ነኝ ያለሁት። እዚህ የለችም።»

«ወንጪ? በዚህ ሰዓት ወንጪ ምን ትሠራለህ?»

«ወንጪ ናት አላሉኝም?»

«ውጪ ናት ነው ያልኩህ። ውጪ። ከበሩ ውጪ። ይኸው እዚህ በሩ ላይ።»

 እሳቸው ቀጠሉ። ደወል ከተደወለ በኋላ ተማሪ ግቢ ውስጥ እንዳይቆይ ትእዛዝ አለ፤ ዳይሬክተሯም መምህራኑም ሄደዋል፤ በሩን ከፍተው ቢያስገቧት ነገ እሳቸው ራሳቸው ውጪ ናቸው።

«ግን አልተውኳትም» አሉኝ። «በቀዳዳው እያየኋት ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ቶለራ ነገሩን ከእኔ ቃል ብቻ ተረድቶታል። የመኪናውን በር ከፈተልኝና፣

«በል ና» አለ። «በቆሎው አይቶ ጨርሷል።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ዝናብ ጀመረ። በፍጥነት ንዳ እንዳልለው ጡረታ የወጣው ጎማ ከኋላ አለ፣ ጭነቱ አለ። በዳገት የፈራሁት ውሃን ነበር፤ በቁልቁለት የማስበው በሩን ነው። ፎቁን አይቼ ስገዛ ያ ትልቅ ብረት ሲዘጋ ልጄ በየትኛው በኩል እንደምትሆን አልጠየቅኩም። ያኔ የከተማዋ ረብሻ በአንዳንድ ቀን አዋቂንም ወደ ቤቱ የሚያስሮጥ ነበር፤ እሷ ደግሞ ስምንት ዓመቷ ነው።

አምቦ መብራቷን አብርታለች። የትምህርት ቤቱ መንገድ ጭቃ ስለሆነ መኪናው መታጠፊያው ላይ ቀረ፤ እኔ በእግሬ ሮጥኩ። የአጥሩ ማዕዘን ላይ ስደርስ ድምፅ ሰማሁና እግሬ ቆመ።

የሲፈን ድምፅ ነው። እያወራች ነው። አንድና ሁለት ቃል አይደለም፤ እንደ ጥንቱ፣ ሳትተነፍስ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ። በግድግዳው ጥግ አጮልቄ አየሁ። እዚያ በር ላይ ለተማሪ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጠው አዴ ጫልቱ ዕቃዋን ሰብስባም አልሄደችም። ላስቲክ ወጥረው ሥሩ ተቀምጠዋል። ሲፈን ላይ የዘበኛው ካፖርት ተደርቦላታል፤ ኦቦ ዲንሳ በሩን እንዳይከፍቱ ታዘዋል እንጂ ካፖርት በአጥር እንዳይወረውሩ ያዘዛቸው የለም። ከብረቱ ወዲያ ሳል ይሰማል፤ እሳቸውም ወሬውን እየኮመኮሙ ነው።

ወደ እሷ ልሮጥ ስል ስለ እኔ እያወራች መሆኑ ገባኝ።

«አባትሽ ቤት ሲገባስ ምን ያጫውትሻል?» አለቻት አዴ ጫልቱ።

«አያጫውተኝም። እንግሊዝኛውን ገና አልጨረሰም።»

«እየተማረ ነው እንዴ?»

«አዎ። ማታ ማታ ከሬዲዮ ጋር ይለማመዳል።»

«ሬዲዮው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወራው?»

«አይ፣ በአማርኛ ነው። አሁን መልስ መስጠት ብቻ እየተለማመደ ነው።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ሲጨርስ ያወራኛል። ምናልባት ሦስተኛ ክፍል ስገባ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርድብኛል። እኔ እሷን እየጠበቅኩ ነበር፤ እሷ ደግሞ እኔን። በአንድ መብራት ሥር ሆነን።

ስወጣ አየችኝ። ተነሳች። ካፖርቱን ከላይዋ አውርዳ ክራቫቷን አስተካከለች። የብረት በሩን ሰረቅ አድርጋ አየችና ፊቷ ተዘጋ።

«ጉድ ኢቭኒንግ፣ ዳዲ።»

ፊቴ ከፊቷ እንዲስተካከል ጭቃው ላይ በርከክ አልኩ። ከወንጪ እስከዚያ ድረስ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ሁሉም ጠፋኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን እጄ ላይ የቀረችው አንዷ ቃል ናት።

«ሲፈን» አልኳት። «ውጪ እኮ ነን።»

በሩን አየች። እኔን አየች። እግሯ ያለበትን መሬት አየች።

«ውጪ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«አባዬ፣ በጣም ቆየህ እኮ» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። አዴ ጫልቱ ፊቷን ወደ ድንቿ አዞረች። ከብረቱ ወዲያ ሳሉ ቆመ።

ቤት ስንደርስ ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ደጃፉ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ቤትስ? ውስጥ ነው ውጪ?»

«ቤት ውጪ ነው» አልኳት።

ገባች። ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠች። የስንት ወር ወሬ አጠራቅማ ነበር መሰላችሁ፤ ሽሮው አርሮ ሳይሰማን ቀረ።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄድኩ። ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ እንደነበር ነግረው አዘኑልኝ፤ ከበር ውጪ ለሚሆነው ግን ትምህርት ቤቱ ኃላፊ እንዳልሆነ ስመዘግባት እንደተነገረኝ አስታወሱኝ። ተነግሮኛል፤ ያኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር። ከበር ውስጥስ እንዴት ናት አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ሲፈን ከክፍሉ ሁሉ ጸጥተኛዋ ልጅ እንደሆነች፣ ለሌሎቹ ምሳሌ አድርገው እንደሚጠቅሷት ነገሩኝ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። የሚያመሰግኑልኝን ልጅ ግን እኔ አላውቃትም።

መንፈቁ ሲያልቅ አወጣኋት። ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ስዞር ግን በመመዝገቢያ ሰዓት አልሄድኩም። ደወል ሊደወል ሲል እሄድና ማዶ እቆማለሁ። አንዱ ቀለሙ የተላጠ፣ ፎቅ የሌለው የግል ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ወጥተው ወጥተው አንድ ወንድ ልጅ ቀረ። አንዲት መምህርት በረንዳው ላይ ከጎኑ ቁጭ ብላ ደብተር ታርማለች፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ሳታየው «እ?» ትለዋለች። እናትየው እያለከለከች እስክትደርስ ድረስ እንዲያ ነበሩ። እዚያ አስገባኋት። እንግሊዝኛውንም እዚያ ተማረችው፤ አሁን እኔን ታርመኛለች።

እና እናንተ ልጃችሁን ልታስገቡ የምትዞሩ ወላጆች፣ ፎቁን እዩ፤ ማየት አይከለከልም። ግን እጃችሁን እስከ ክርን ክተቱ። ሁሉም ከሄደ በኋላ የቀረው ልጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ሄዳችሁ ቆማችሁ እዩ፤ ጠይቃችሁ አትመኑ። ያ የቀረው ልጅ አንድ ቀን የእናንተ ነው፤ ጎማ ለማንም ይፈነዳል። ልጃችሁ ውሃ ጠማኝ የሚለው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ ያን ቋንቋ የሚሰማ ሰው ግቢው ውስጥ መኖሩን እወቁ። ልጃችሁ ጸጥተኛ ነው ብለው ካመሰገኑላችሁ ደግሞ ከማመስገናችሁ በፊት ቤታችሁ ገብታችሁ አዳምጡ።

አሁን ሲፈን ጅማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ። ቤቱ ተመልሶ የአንድ ሰው ሆኗል። ባልዲው ተደፍቶ እዚያው አለ፤ ውሃ አልቀዳበትም። ማታ ማታ ሬዲዮውን አስወራዋለሁ፤ እኔም እመልስለታለሁ፤ ከልምምድ አልወጣሁም።

ስልኬ ሲጠራ መጀመሪያ የሚሰማኝ የመኝታ ክፍሏ ልጆች ጫጫታ ነው። «ቆይ አባዬ፣ ልውጣ» ትለኛለች። በር ሲከፈት እሰማለሁ፤ እርምጃዋን እሰማለሁ። ጫጫታው ይርቃል። ከዚያ አየሩ ሰፋ ይላል፤ እሷም ትንፋሿን ታወጣና፣

«እሺ» ትለኛለች፤ «ውጪ ነኝ።»

ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ።